«ኢ ቫምፒሪ» (1957)፦ ካሜራው ሳይቆም የሚያረጀው ፊት

ጥቁርና_ነጭ ጻፈ፦

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። ዛሬ ስለ አንድ የጣሊያን ፊልም ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መጨረሻውንም እናገራለሁና፣ ሳያየው መስማት የማይፈልግ ከዚህ ይመለስ።

ፊልሙ «ኢ ቫምፒሪ» ይባላል፤ «ቫምፓየሮቹ» እንደ ማለት ነው። በ1957 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ የሚሄድ ነው። ዳይሬክተሩ ሪካርዶ ፍሬዳ፣ ካሜራውን የያዘው ማሪዮ ባቫ። ፊልም ድምፅ ካገኘ ወዲህ ጣሊያኖች የሠሩት የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም እየተባለ ይጠቀሳል፤ ስሙን የሚጠራው ብዙ ነው፣ ቁጭ ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው። እኔም ስለ ባቫ ስንት ነገር ሳነብ ከርሜ ይህን ያገኘሁት ባለፈው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ታሪኩ ፓሪስ ውስጥ ነው። ወጣት ሴቶች ይጠፋሉ፤ ቆይቶ ሬሳቸው ደሙ ተሟጦ ይገኛል። መጀመሪያ ላይ የምናየው ከሴን ወንዝ የሚወጣ የአንዲት ልጅ አስከሬን ነው። ጋዜጦቹ ገዳዩን «ቫምፓየር» ብለው ስም ያወጡለታል። ፒየር ላንታን የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ነገሩን አልለቅም ብሎ ይከታተላል። በሌላ ወገን አንድ ትልቅ የመሳፍንት ግንብ አለ። የዚያ ግንብ ባለቤት አሮጊቷ ዱቼዝ ማርገሪት ዱ ግራን ናት፤ ሰው ፊት የምትቀርበው ግን ጂዜል የምትባል፣ የሥጋ ዘመዷ የሆነች ውብ ወጣት ነች። ጂዜል ጋዜጠኛውን ትወደዋለች። እሱ ከዚያ ቤተሰብ ጋር መቀራረብ አይፈልግም፤ ዱቼዟ በወጣትነቷ በአባቱ ፍቅር ወድቃ ነበርና የቆየ ነገር አለ።

ምሥጢሩ ምን መሰላችሁ፣ ዱቼዟና ጂዜል አንድ ሰው ናቸው። ሞተ ተብሎ ቀብሩ የተፈጸመው ፕሮፌሰር ዱ ግራን አልሞተም፤ ግንቡ ውስጥ በተደበቀ ላቦራቶሪ የታፈኑትን ልጆች ደም እየቀዳ ለሷ ይሰጣታል። ደሙ ሲገባላት ወጣት ትሆናለች፣ ኃይሉ ሲያልቅ ወደ ትክክለኛ ዕድሜዋ ትመለሳለች። ልጃገረዶቹን የሚያፍነው ጆዜፍ የሚባል ሱሰኛ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ዕፁን በእጁ ስለያዘ እንደ ባሪያ ይነዳዋል። የሚናከስ ጥርስ የለም። ከሬሳ ሳጥን በሌሊት የሚነሣ ቫምፓየርም የለም። ያለው አንድ ሐኪምና ማርጀት የማትፈልግ አንዲት ሴት ናቸው።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ጂዜል ቆማለች፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ነው። ከዓይኗ ሥር ቀጭን ነገር ታየኝ፤ የሽፋሽፍቷ ጥላ መሰለኝ። ቀጥሎ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ወደ አፏ የሚወርድ መስመር መጣ። ግንባሯ ተሸበሸበ፣ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ። ካሜራው አልቆመም፣ አንዱ ምስል ሟሙቶ በሌላ አልተተካም። ሴትዮዋ ራሷ ናት፣ ትተነፍሳለች፣ ዓይኗ ይንቀሳቀሳል፤ እያየኋት አርባ ዓመት ጨመረች። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያየሁት። ወደ መጨረሻው ላይ ይኸው ነገር በፖሊሱ በኢንስፔክተር ሻንታልና በሰዎቹ ፊት ይደገማል፤ የወንጀሉ ማስረጃ ፊቷ ላይ ይጻፋል ማለት ነው። ጣት አሻራ አላስፈለገ፣ ምስክር አላስፈለገ።

ለኔ የጣሊያን አስፈሪ ፊልም የተወለደው እዚህ ፊት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባቫ የሠራውን ሁሉ ስታዩ ይህ ፊት ተመልሶ ይመጣባችኋል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ይህ ነገር እንዴት ተሠራ? በቀይና በአረንጓዴ ብርሃን እንደሆነ አንብቤአለሁ፣ አልገባኝም። ሁለተኛ፣ ፊልሙ የማን ነው እንበል፣ የፍሬዳ ወይስ የባቫ?


መርማሪው ጻፈ፦

አቀራረብህን ወድጄዋለሁ ወንድሜ። ፊልሙንም ከዓመታት በፊት አይቼዋለሁ። ስለ ፊቱ ያልከው እውነት ነው፣ አይረሳም። እኔ ግን የምርመራ ታሪክ ስወድ ያደግሁ ሰው ነኝና በዚያ በኩል ቅር ብሎኛል። ላቦራቶሪውን ጋዜጠኛው ሳይደርስበት እኛ እናየዋለን። ፕሮፌሰሩ በሕይወት እንዳለ ፒየር ሳያውቅ እኛ እናውቃለን። ታዲያ ምኑን ነው የምንመረምረው? የቀረው አንድ ምሥጢር የዱቼዟና የጂዜል አንድ መሆን ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ አለመታየታቸውን ያስተዋለ ተመልካች ቀድሞ ይደርስበታል። ደጋግሞ ፖሊስ ጣቢያ፣ ደጋግሞ ጋዜጣ ቤት እየሄድን ጊዜ እናጠፋለን።

ዘመኑን ግን ማየት ያስፈልጋል። ጣሊያኖች የወንጀል ምርመራ ታሪክን «ጃሎ» ነው የሚሉት፤ ቢጫ ማለት ነው። ሞንዳዶሪ የተባለው አሳታሚ በ1929 እንዲህ ያሉ ልብ ወለዶችን በቢጫ ሽፋን ማውጣት ስለጀመረ ስሙ በዚያው ቀረ። የፋሺስቱ መንግሥት ደግሞ እነዚህን መጻሕፍት አልወደዳቸውም። በሥርዓቱ ሥር ያለች ጣሊያን ውስጥ ግድያ አለ ማለት እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ ገዳዩ ጣሊያናዊ እንዳይሆን እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። አውጉስቶ ደ አንጀሊስ የሚባለው የምርመራ ልብ ወለድ ጸሐፊ በ1943 ታሰረ፣ ከተፈታ በኋላ አንድ ፋሺስት ደብድቦት በ1944 ሞተ። አስፈሪ ፊልምማ ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም፤ የዘመኑ ስክሪን የሞላው ነጭ ስልክ በተቀመጠበት ሳሎን ውስጥ በሚካሄድ የፍቅር ኮሜዲ ነው።

ሥርዓቱ ከወደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ ይህ ፊልም ሬሳዎቹን የበተነው ፓሪስ ላይ ነው። ፍሬዳ ፓሪስን የመረጠው በዚያ የድሮ ልማድ ነው ብዬ አልደመድምም። ሳየው ግን ትዝ ያለኝ ያ ነው፤ ክፉ ነገር ሁልጊዜ ሌላ አገር።


የሺ_ሌሊት ጻፈች፦

ቤተሰብ፣ ፊልሙን አላየሁትም፤ ታሪኩን ሳነብ ግን የአማርኛ ርዕስ ሳወጣለት ነው ያመሸሁት። «ጭራቆቹ» አይሆንም፤ ጭራቅ ሰው ይበላል እንጂ ደም አይቀዳም። ቡዳም አይሆንም፤ ቡዳ የሚበላው በዓይኑ ነው፣ ለራሱም ወጣትነት አይፈልግም። «ደም መጣጮቹ» ስል ግን ልክ ገባልኝ። የኔ ቤተሰቦች በአብዮቱ ጊዜ ይህን ቃል በየሰልፉ ሰምተውታል፤ በሰው ላብ ለሚኖር ባላባት ነበር የሚባለው። እዚህ ፊልም ላይ ደግሞ ባለ ግንቧ ዱቼዝ የተማሪና የዳንሰኛ ደም ቃል በቃል እየመጠጠች ትኖራለች። ርዕሱ ብዙ ቁጥር የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል፤ አንዷ ትጠጣለች፣ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ያፍናል።


ጥቁርና_ነጭ ጻፈ፦

@የሺ_ሌሊት እህቴ፣ ስለ ብዙ ቁጥሩ ያልሽው በጣም ደስ ብሎኛል፤ አራት ጊዜ አይቼው አላሰብኩትም። ጆዜፍም ራሱ እየተመጠጠ ነው፤ ዕፁ ይመጥጠዋል።

@መርማሪው ቅሬታህን እቀበላለሁ። ፖሊስ ጣቢያው ላይ እኔም ደክሞኛል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የተለመደ የምርመራ ታሪክ መጨረሻው ላይ ሰውየውን በጣት ያሳይሃል፤ «ገዳዩ እሱ ነው» ይልሃል። እዚህ ግን የሚጋለጠው የሴትዮዋ ዕድሜ ነው። ምርመራው ፍለጋ ላይ የነበረው ወንጀለኛ ሆኖ ያገኘው ግን ጊዜን ነው። እኔን የያዘኝ እሱ ነው።


ጨለማ_ክፍል ጻፈ፦

ልጆች፣ እኔ ለረጅም ዘመን ፎቶ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለ ፊልም ታሪክ አላውቅም፣ ስለ ቀይ መብራት ግን ጠይቁኝ።

የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አያይም። ስለዚህ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ አምፖል ብቻ አብርተን ነው የምናጥበው። ገና ተለማማጅ ሳለሁ የደንበኞችን ስምና የኮፒውን ብዛት በቀይ እስክሪብቶ ነጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ወደ ጨለማ ክፍል ገባሁ። ወረቀቱን ከቀዩ አምፖል ሥር ስይዘው ባዶ ነው። አንድም ፊደል የለም! ጠፋብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ወጥቼ በር ላይ ሳየው ጽሑፉ ቁጭ ብሏል። አሠሪዬ ነገሩን ያስረዳኝ ያኔ ነው። ቀይ ቀለም ቀይ ብርሃንን እንደ ነጩ ወረቀት መልሶ ይልከዋል፤ ሁለቱ እኩል ሲያበሩ ዓይን የሚለይበት ነገር ያጣል። አረንጓዴ ብርሃን ስታመጣበት ግን ቀዩ ቀለም ይውጠዋል፣ ወረቀቱ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

የሴትዮዋም ፊት እንዲሁ ነው። ሽብሽባቱን በቀይ ኩል ፊቷ ላይ ይሥሉታል። በቀይ ብርሃን ሲያበሩባት ቆዳዋና መስመሩ አንድ ይሆናሉ፣ ፊቷ ልሙጥ ነው። ከዚያ ቀዩን ቀስ እያደረጉ እየቀነሱ አረንጓዴውን እየጨመሩ ይሄዳሉ፤ መስመሮቹ እየጠቆሩ ይወጣሉ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ተመልካቹ የብርሃኑን ቀለም መለወጥ አያይም፣ የሚያየው እርጅናውን ብቻ ነው። በባለ ቀለም ፊልም ብትሞክረው በአንድ ሰከንድ ትጋለጣለህ።

ከባዱ ነገር መስመሩን መሣል አይደለም። ቀዩ ሲቀንስና አረንጓዴው ሲጨምር የፊቷ ድምቀት መዋዠቅ የለበትም። ትንሽ ከጨለመ ወይም ትንሽ ከበራ መብራት እንደተነካ ማንም ያውቃል። ሁለት እጅ አብሮ መተንፈስ አለበት። ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ።


ጥቁርና_ነጭ ጻፈ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በቀይ እስክሪብቶው ታሪክ ነው የገባኝ፤ ከዚህ በፊት ያነበብኩት ሁሉ «ማጣሪያ» ብሎ ያልፈዋል። ለሐቁ ያህል አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ዘዴው የባቫ ፈጠራ አይደለም። ሩበን ማሙሊያን በ1931 በሠራው የዶክተር ጄኪል ፊልም ላይ ሰውየው ወደ አውሬነት ሲለወጥ በዚሁ መንገድ ነው የተቀረጸው። ልዩነቱ እዚያ የሚመጣው አውሬ ነው፣ እዚህ የምትመጣው አሮጊት ናት። ለኔ ሁለተኛው ይብሳል፤ አውሬ የሚሆን ሰው አላውቅም፣ የሚያረጅ ሰው ግን ሁላችንም ነን።


ቦሎኛ_ነዋሪ ጻፈች፦

ሰላም። እኔ የምኖረው ቦሎኛ ነው። እዚህ በየበጋው ያረጁ ፊልሞች ታድሰው የሚታዩበት ፌስቲቫል አለ፤ ማታ ማታ ትልቁ አደባባይ ላይ ስክሪን ተዘርግቶ ሕዝቡ በነጻ ያያል። የድሮ ፊልም ፍቅር የያዘኝ እዚያ አደባባይ ላይ ወንበር አጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ጣሊያንኛ ስለማነብ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ የማውቀውን ልጻፍ።

ፍሬዳ በ1909 እስክንድርያ፣ ግብፅ ውስጥ የተወለደ ጣሊያናዊ ነው። ፊልም ከመግባቱ በፊት ቅርጻ ቅርጽ ተምሯል። ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን በሙሉ ስለ ድሃ ሰፈርና ስለ ሥራ አጥ ፊልም ሲሠራ፣ እሱ ስለ ጀብዱና ስለ ንግሥቶች ነበር የሚሠራው። ይህን ፊልም የጀመረው በውርርድ ነው። ለፕሮዲውሰሮቹ ለዶናቲና ለካርፔንቲየሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ አስፈሪ ፊልም አወጣላችኋለሁ አላቸው። አሥረኛው ቀን ላይ ግን አላለቀም። ተጨማሪ ቀን ጠየቀ፣ አልሰጡትም፤ ጥሎ ሄደ። ካሜራውን ይዞ የነበረው ባቫ በቀሩት ሁለት ቀናት ጨረሰው። ለዳይሬክተርነቱ ስሙ አልተጻፈለትም።

@መርማሪው ቅር ያሰኘህ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ሐሳብ ሱሰኛው ጆዜፍ በጊሎቲን አንገቱ ተቆርጦ፣ ፕሮፌሰሩ እንደገና ሰፍቶለት ከሞት የሚነሣ ነበር። ያ ወጣ፣ ቦታው ጎደለ። ባቫ የጎደለውን በሁለት ቀን ሊሞላ ሲል ታሪኩን ወደ ፖሊስና ወደ ጋዜጣ ክትትል አዘነበለው። የደከማችሁበት ፖሊስ ጣቢያ የጥድፊያ ልጅ ነው።

አንድ እርማትም አለኝ። «የመጀመሪያው» ስንል ድምፅ ካለው ውስጥ ነው፤ ይህን ጥቁርና_ነጭ በትክክል ጽፎታል፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ድምፅ አልባ በነበረበት ጊዜ፣ በ1920ዎቹ መባቻ ላይ፣ ኤውጄኒዮ ቴስታ የፍራንከንስታይንን ታሪክ ጣሊያን ውስጥ ፊልም አድርጎት ነበር። ኡምቤርቶ ጓራቺኖ የሚባል ግዙፍ ሰው ነው ጭራቁን ሆኖ የተጫወተው። ፊልሙ ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። ስለዚህ እስከ 1957 ድረስ ሠላሳ ምናምን ዓመት ባዶ ነው፤ መርማሪው የጻፈው የሳንሱር ዘመን መካከሉ ላይ ቁጭ ይላል።

ገቢውን በተመለከተ፣ ፊልሙ አልተሳካለትም። ፍሬዳ በኋላ ሲናገር፣ አንድ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰዎቹን ይመለከታል። ፖስተሩ ይስባቸዋል፣ ይጠጋሉ፣ የዳይሬክተሩን ስም ያነባሉ፣ ጣሊያናዊ መሆኑን ሲያዩ ትተው ይሄዳሉ። ጣሊያን እንዲህ ያለ ነገር አይችልም የሚል እምነት ነበር። እሱም በ1959 «ካልቲኪ»ን ሲሠራ «ሮበርት ሃምፕተን» ተባለ፣ ባቫም «ጆን ፎም» ተባለ። ከዚያ በኋላ ስንት ጣሊያናዊ የእንግሊዝ ስም እያወጣ አስፈሪ ፊልም ሠራ! የገዛ አገሩ ሰው እንዲያይለት ስሙን የቀየረ ሰው ታሪክ ነውና ሳነበው አዝናለሁ።


መርማሪው ጻፈ፦

@ቦሎኛ_ነዋሪ እህቴ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ስለ ጊሎቲኑ ማወቄ ቅሬታዬን ግማሹን ወስዶታል። ግን እንግዲያ ፊልሙ የባቫ ነው ማለት ነው? ፊቱ የሱ መብራት፣ መጨረሻው የሱ ሁለት ቀን። ለፍሬዳ ምን ቀረለት?


ቦሎኛ_ነዋሪ ጻፈች፦

ብዙ ቀርቶለታል። የታሪኩ ሐሳብ የሱ ነው። ተዋናይዋን የመረጠው እሱ ነው፤ ምርጫውም ቀላል አይደለም። ጃና ማሪያ ካናሌ የፍሬዳ የሕይወት አጋር ነበረች። በ1947 በሚስ ኢጣሊያ ውድድር ሁለተኛ የወጣች ናት፤ ጂና ሎሎብሪጂዳ በዚያው ዓመት ሦስተኛ ነበረች። ፍሬዳ ንግሥት ቴዎዶራ አድርጎ ሁሉ ሠርቶባታል። «ኢ ቫምፒሪ» ሲቀረጽ ገና ሠላሳ አካባቢ ናት። የሚያፈቅራትን ሴት፣ በመልኳ እንጀራዋን የምትበላ ሴት፣ በቅርብ ካሜራ ፊት አቁሞ ሲያስረጃት አስቡት። እሷም እሺ ማለቷን አስቡት። አብረው የሠሩት የመጨረሻው ፊልምም ይኸው ነው። መብራቱን ባቫ ቢያበራው፣ ያ ፊት እዚያ እንዲቆም ያደረገው ፍሬዳ ነው። እሷም ሦስተኛዋ ባለቤት ናት፤ ማንም አይጠቅሳትም። የብርሃኑን ዘዴ ሁሉም ያወራል፤ ብርሃኑ ሲቀየር ትከሻዋን ቀስ አድርጋ የምትጥለው፣ አፏ ሳይከደን የሚቀረው ግን ትወና ነው።

ግንቡንም ሳታዩ አትለፉ። የሠራው ቤኒ ሞንትረሶር ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ሮም ውስጥ ነው፤ ያን ሁሉ መጋረጃና ደረጃና ጥላ የተሞላ አዳራሽ በዚያ ጥቂት ገንዘብ ያቆመው እሱ ነው። ሰውየው በኋላ አሜሪካ ሄዶ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል መሣል ጀመረ፣ በ1965 ካልዲኮት የተባለውን ትልቁን ሽልማት አገኘ። ያንን ግንብ የሠራ እጅ ለሕፃናት ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ሙዚቃውን ያቀናበረው ሮማን ቭላድም ሩማንያ ተወላጅ የሆነ ትልቅ ሙዚቀኛ ነው።


የሺ_ሌሊት ጻፈች፦

ትናንት ማታ አየሁት። አንድ ማሳሰቢያ፣ እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ኮፒ ግራና ቀኙ የተቆረጠ ነበር፤ ሁለት ሰው ሲነጋገር የአንዱ አፍንጫ ብቻ ይታያል። ፊልሙ የተቀረጸው በሲኒማስኮፕ ነውና ሰፊውን ፈልጉ። አዳራሹ ራሱ ሌላ ነገር ሆነ። በዚያ ሰፊ ስክሪን ላይ ጂዜል አንድ ጥግ ላይ ትቆምና የቀረው ሁሉ ጨለማና መጋረጃ ነው።


ቦሎኛ_ነዋሪ ጻፈች፦

ልክ ነሽ። አሜሪካ የሄደውንም ቅጂ እንዳታዩት፤ እዚያ ያከፋፈሉት ሰዎች ራሳቸው የቀረጹትን ትዕይንት ጨምረው፣ ስሙን ቀይረው ነው ያወጡት። በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ነገር መሐሉ ላይ ተሰክቶበት የፍሬዳን እርጋታ ያጠፋዋል። የጣሊያንኛውን ቅጂ ከነ ንኡስ ጽሑፉ ፈልጉ።


ሰብለ_ኩል ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ፤ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሥራዬ ሜካፕ ነው፣ ሙሽራ ነው የማዘጋጀው። ጋሽ ጨለማ ክፍል የጻፉትን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁና ሞከርኩት።

ታናሽ እህቴን መስታወት ፊት አስቀመጥኩ። በደማቅ ቀይ የከንፈር እርሳስ ከዓይኗ ሥር፣ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ ግንባሯ ላይ ቀጫጭን መስመር ሣልኩ። መብራቱን አጠፋሁ። ከስጦታ መጠቅለያ የተረፈ ቀይና አረንጓዴ ሴሎፎን ነበረኝ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ ላይ አሠርኩት። ስልኬን ጥቁርና ነጭ ላይ አደረግሁ።

አረንጓዴውን ሳበራ መስመሩ ወጣ፣ ግን ደካማ ነው። የደነገጥኩት ቀዩን ሳበራ ነው። ይጠፋል የተባለው መስመር ነጭ ሆኖ ታየ! ፊቷ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ያው ነው። ጋሼ፣ ምኑን አበላሸሁት?


ጨለማ_ክፍል ጻፈ፦

ልጄ፣ ምንም አላበላሸሽም። የኔ ጽሑፍ ነው የጎደለው፤ እኔ ያወራሁት ስለ ነጭ ወረቀትና ስለ ፈረንጇ ፊት ነበር። የኛ ቆዳ ጠይም ነው። ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት የተወሰነውን ያስቀራል። ያንቺ ደማቅ ቀይ እርሳስ ደግሞ ቀዩን ብርሃን ከቆዳዋ የበለጠ ይመልሰዋል፣ ስለዚህ ከሷ በላይ አበራ። በአረንጓዴውም ቆዳዋ ራሱ ብዙ ብርሃን ስለሚውጥ ልዩነቱ ጠበበ፣ መስመሩ ደከመ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀዩን ብቻውን አትጠቀሚ፣ ቡናማ ቀላቅይበት። በቀይ ብርሃን ሥር ሆነሽ ቀላቅይ፤ መስመሩ ነጭ ከሆነ ቡናማ ጨምሪ፣ ከጠቆረ ቀይ ጨምሪ፣ ሲጠፋ አቁሚ። የሷን ቆዳ የሚያገኘው የሷ ቅልቅል ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሆንም። አረንጓዴውን ባትሪ ደግሞ ጠጋ አድርጊው፣ ቀዩን ራቅ። ስልክሽም ብርሃኑን በራሱ እንዳያስተካክል ፊቷ ላይ ጣትሽን ጭነሽ ቆልፊው፤ አለበለዚያ የለፋሽበትን ድምቀት እሱ ያበላሸዋል።

ጥንት ፎቶ ቤት ውስጥ የምንቸገረው በዚሁ ነበር። ለፈረንጅ ፊት የተጻፈ የመብራት መጽሐፍ ይዘን የኛን ሰው እናነሣ ነበር፤ መጽሐፉን ዘግቶ ፊቱን ያየ ነው ጥሩ ፎቶ ያነሣው።


ጥቁርና_ነጭ ጻፈ፦

ይህን ክር ስከፍት የጠበቅሁት ሁለት ሦስት መልስ ነበር። ሰብለ፣ እባክሽ ውጤቱን ሳትነግሪን እንዳትጠፊ። እኔ ዛሬ ማታ የመጨረሻውን ትዕይንት እንደገና ላየው ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ቦሎኛ_ነዋሪ እንዳለችው የካናሌን ትከሻና አፍ ብቻ ነው የማየው።

ከዚህ ቀጥሎ ምን እንይ ለሚል፣ ባቫ በ1960 በራሱ ስም ዳይሬክተር ሆኖ የሠራውን «ላ ማስኬራ ዴል ዴሞኒዮ»ን እዩ። ባርባራ ስቲል ሁለት ሴት ሆና ትጫወታለች፣ አንዷ ከመቃብር የሌላዋን ወጣትነት ትፈልጋለች። ጥቁርና ነጭ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ እዚያም የፊት መለወጥ አለ። ከሱ ጋር በዚያው ዓመት የወጣውን የጆርጆ ፌሮኒን የወፍጮ ቤት ፊልም እዩ፤ ሆላንድ ውስጥ የሚሆን ታሪክ ነው፣ ባለ ቀለም ነው፣ አባት ለታመመች ልጁ የሌሎችን ሴቶች ልጆች ደም ይቀዳል። ከ«ኢ ቫምፒሪ» በኋላ ስታዩት ደሙ ከየት እንደተቀዳ ይገባችኋል።


ሰብለ_ኩል ጻፈች፦

ጋሼ፣ መጣ!

ቅልቅሉን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ለዓይኗ ሥርና ለግንባሯ አንድ ዓይነት አልሆነም፤ ግንባሯ ጠቆር ስለሚል ቡናማው መብዛት ነበረበት። በመጨረሻ በቀይ ብርሃን ስልኩ ላይ ያለችው ልጅ የሃያ ሁለት ዓመት እህቴ ናት፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። በአንድ እጄ ቀዩን ባትሪ ወደ ኋላ እየሳብኩ በሌላው አረንጓዴውን እያስጠጋሁ ሄድኩ። መጀመሪያ የመጣው ከዓይኗ ሥር ያለው ነው፣ ልክ ጥቁርና_ነጭ እንደጻፈው ጥላ ይመስላል። ቀጥሎ አፏ ዙሪያ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ መሐል ላይ ትንሽ ብልጭ ብሏል፣ የፍሬዳ ፕሮዲውሰሮች ቢያዩኝ ይቆጡ ነበር። ግን ያረጀችው እህቴ ናት። ትንፋሿም የሷ ነው።

ቪዲዮውን አሳየኋት። ዝም አለች። እንደገና አጫውቺው አለችኝ፣ አጫወትኩት። ሦስተኛ ጊዜ አየችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና «አሁን ወደ ቀዩ መልሺው» አለችኝ።